አንድ ቀፎ፣ አንድ ንብ፦ የንቦችን የዘረመል ብዝኃነት ለማጥናት ናሙና አሰባሰብ

መስክ ላይ የተበላሸን ናሙና ቤተ ሙከራ አያድነውም። የአንድን አካባቢ ንቦች ዘረመል ለማጥናት የተነሣ ሰው ልፋቱ የሚባክነው ብዙውን ጊዜ በመሣሪያ እጦት አይደለም፤ ከአንድ ቀፎ 30 ንብ ይዞ መጥቶ «30 ናሙና አለኝ» በማለቱ፣ ወይም ንቦቹን በቀጠነ አልኮል ውስጥ አጭቆ ወራት በማስቆጠሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ መስኩ ሥራ በሰፊው፣ ስለ ስሌቱ በጥቂቱ እንነጋገራለን።

ጥያቄው ናሙናውን ይወስናል

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «የዚህ አካባቢ ንቦች በመካከላቸው ምን ያህል ይለያያሉ? ከሌላው አካባቢ ንቦችስ?» የሚል ነው። ለዚህ ከእያንዳንዱ ቀፎ ወደ ትንተናው የምትገባው አንዲት ሠራተኛ ንብ ብቻ ናት። ሁለተኛው «በዚህ ቀፎ ውስጥ የስንት አባት ልጆች አሉ?» የሚል ሲሆን፣ ለእሱ ከዚያው ቀፎ ከ30 እስከ 50 ሠራተኞች ያስፈልጋሉ።

ምክንያቱ የንብ አወላለድ ነው። ንግሥቷና ሠራተኞቹ 32 ክሮሞዞም አላቸው፤ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ወርሰዋል። ድንጉላው (ወንዱ ንብ) ግን ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል ያሉት 16 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የእናቱ። (አባት የለውም፤ አያት ግን አለው።) የአንድ ድንጉላ ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ በእናትም በአባትም የሚገናኙ ሠራተኞች ዝምድናቸው (በዘር የሚጋሩት የጂን ድርሻ) 0.75 ነው። በእናት ብቻ የሚገናኙት 0.25 ነው። ንግሥቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ድንጉላ ጋር ስለምትገናኝ ሁለቱም ዓይነት እህትማማቾች በአንድ ቀፎ ይኖራሉ። ከአንድ ቀፎ 30 ንብ ወስዶ «የአካባቢው ንብ ይህን ይመስላል» ማለት የአንዲትን እናት ልጆች ቆጥሮ የሕዝብ ቆጠራ አደረግሁ እንደ ማለት ነው።

ለአንድ አካባቢ ስንት ቀፎ ይበቃል? ከ20 በታች አይውረዱ፤ 30 ቢሆን ይመረጣል። ሠላሳ ሠራተኞች ከእያንዳንዱ ጂን 60 ቅጂ ይይዛሉ። በአካባቢው 5 በመቶ ብቻ የሚገኝ የጂን ዓይነት (አሊል) ከ60 ቅጂዎች ውስጥ ጨርሶ የመቅረት ዕድሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። ናሙናው 10 ንብ ብቻ ከሆነ ግን ዕድሉ ወደ 36 በመቶ ይወጣል። የጎደለው አሊል «የለም» ተብሎ ይመዘገባል፤ አካባቢውም ያለ ጥፋቱ ብዝኃነት ያነሰው ይመስላል።

ቀፎዎቹ የሚወሰዱበት ቦታም ይራራቅ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በእንግሊዝ ሸለቆዎች የተደረገ የአባትነት ጥናት ግማሹ ግንኙነት በ2.5 ኪሎ ሜትር፣ 90 በመቶው ደግሞ በ7.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንደሚፈጸም አሳይቷል። ስለዚህ ከአንድ ማነቢያ ቦታ አንድ ቀፎ ብቻ ይውሰዱ፤ ቦታዎቹንም ቢያንስ በ10 ኪሎ ሜትር ያራርቁ። ጎን ለጎን የቆሙ ቀፎዎች ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው ተከፍሎ የወጣ ስለሆነ እንደ ሁለት ናሙና መቆጠር የለባቸውም።

ቀፎው ከመከፈቱ በፊት

አናቢውን የሚጠይቁት ነገር ከሚወስዱት ንብ አይተናነስም። ንግሥቷ ከየት መጣች፤ ተገዝታ ነው፣ ራሷ ያደገች ናት ወይስ ከተያዘ መንጋ? ቀፎው አበባ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ይጓዛል? ንግሥቷ መቼ ተተካች? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ መውጣት 21 ቀን ይፈጅባታል፤ ከዚያ በሥራ ወቅት 6 ሳምንት ያህል ትኖራለች። ስለዚህ ንግሥት ከተተካች 9 ሳምንት እስኪሞላ ቀፎው ውስጥ የሁለት እናት ልጆች ተቀላቅለው ይቆያሉ። ብርዱ በሚጠናባቸው አገሮች ከክረምቱ በፊት የተወለዱት ወራት ስለሚቆዩ ጊዜው ይረዝማል።

መልሱን ከከፍታና ከጂፒኤስ ነጥብ ጋር ወዲያው ይጻፉ። በኋላ በስልክ እየደወሉ ለመሙላት ማሰብ ከንቱ ነው።

ንቧን ከየት፣ እንዴት

ከቀፎው በር ላይ አይውሰዱ። እዚያ የሚመላለሱት ቀሳሚዎች ናቸው፤ ቀሳሚ ደግሞ መንገድ ትስታለች፣ በተለይ ቀፎዎቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ቀለማቸው ሲመሳሰል። የጎረቤት ልጅ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። የሚፈለጉት በእጭ እንጀራ (እጭ በሚያድግበት ሰም) ላይ ያሉት ሞግዚት ንቦች ናቸው። የበለጠ እርግጠኛ ለመሆን የታሸገ እጭ ያለበትን ቁራጭ እንጀራ ቆርጦ መውሰድ ይቻላል፤ ያልወጣች ንብ የጎረቤት ልትሆን አትችልም። ጉዳቱ ዝርያን ለመለየት ለሚረዳው የክንፍ ልኬት አለመዋሉ ነው።

ጥቂት ጭስ ሰጥተው ከመሀል የእጭ ፍሬም ያውጡ። ንግሥቷ እሱ ላይ አለመኖሯን ሁለቱንም ገጽ አይተው ያረጋግጡ፤ ንግሥቷን አልኮል ውስጥ የከተተ ሰው ወደዚያ ማነቢያ ተመልሶ አይጋበዝም። ከዚያ አፈ ሰፊውን ብልቃጥ በንቦቹ ጀርባ በኩል ከላይ ወደ ታች በቀስታ ያንሸራትቱት። ንቦቹ ወደ ኋላ እየተንከባለሉ ይገባሉ። ከታች ወደ ላይ ቢሄዱ ግን ንቦቹ ከብልቃጡ ፊት እየሸሹ ይወጣሉ። ለአንድ ቀፎ 30 ንብ ይበቃል፤ አንዷ ለዲ ኤን ኤ፣ ከ15 እስከ 20 ለክንፍ፣ የቀሩት ለመጠባበቂያ።

አልኮሉ ከ95 በመቶ በላይ የሆነ ኢታኖል ይሁን፤ ንቦቹም ከብልቃጡ አንድ ሦስተኛ አይለፉ። ምክንያቱን በቁጥር ይመልከቱት። የአንዲት ንብ ክብደት 0.1 ግራም አካባቢ ነው፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውኃ ነው። በ35 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ 100 ንብ ቢያጭቁ ከሰውነታቸው 7 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይወጣል፤ 95 በመቶ የነበረው አልኮል ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። ንቧ ውስጥ ያሉት ዲ ኤን ኤን የሚበሉ ኢንዛይሞች እንዲህ ባለ አልኮል ቶሎ አይቆሙም። በመጠኑ ቢሞሉትም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ አልኮሉን ደፍተው በአዲስ ይተኩት። ከተቻለ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች፣ ካልተቻለ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡት። ፎርማሊን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ዲ ኤን ኤን ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ ያስቀረዋል። ለማቃጠያ የሚሸጥ ስፒሪትም ሌላ ኬሚካል ስለተቀላቀለበት ይቅር።

ስለ መለያ ወረቀት አንድ ነገር፦ በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ። ከላይ በእስክሪብቶ ወይም በማርከር የተጻፈው አንድ ጠብታ አልኮል ሲነካው ይታጠባል፤ የተለጠፈውም ይላቀቃል። ብልቃጡ ክዳን ላይ ብቻ አይጻፉ፤ ክዳኖች ይለዋወጣሉ።

የንግሥቷ ዘረመል ከተፈለገ እሷን መጉዳት አያስፈልግም፤ ድንጉላዎቿ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ድንጉላ ከእናቱ ሁለት አሊሎች አንዱን ይዟል። 8 ድንጉላ ቢመረመር ሁሉም አንዱን ብቻ ይዘው ሌላው የመደበቅ ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው። ግን የሚበር ድንጉላ ከቀፎ ቀፎ እየዞረ ያድራልና ከታሸገ የድንጉላ እጭ ይውሰዱ።

ክንፍ

ለእያንዳንዷ ንብ ሁልጊዜ የቀኙን የፊት ክንፍ ከሥሩ በቀጭን መቀስ ይቁረጡ። በሁለት የመስታወት ስላይድ መካከል ዘርግተው ቢያንስ በ2400 ነጥብ በኢንች ስካን ያድርጉ። ደም ሥሮቹ የሚገናኙባቸው 19 ነጥቦች በአንድ ወጥ ቅደም ተከተል ምልክት ይደረግባቸዋል። ሁሉንም ክንፍ አንድ ሰው ምልክት ያድርግ፤ ሁለት ሰው ከሠራው የሰዎቹ ልዩነት የንቦቹን ልዩነት ይመስላል። የክንፉ ጠርዝ ቢያረጅና ቢቀደድ አይጨነቁ፤ ነጥቦቹ ውስጥ ናቸው።

በሰፊው የሚታወቀው የኩቢታል ልኬት (በክንፉ ላይ ያሉ የሁለት ደም ሥር ቁራጮች ርዝመት ንጽጽር) በሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ ጥቁር ንብ 1.7፣ ካርኒካ በተባለው ሌላ የአውሮፓ ንብ 2.7 አካባቢ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን ዝርያ አይለይም። ድቅል ንብ መሀል ላይ ትወድቃለች፤ ከአንድ ቀፎ ንብ እንኳ በአባት ይለያያል።

ዲ ኤን ኤ ማውጣትና የትኛው ምርመራ

የኋላ እግር ይበቃል። ሆድን ይተዉት፤ በውስጡ የአበባ ብናኝና ባክቴሪያ አለ። ራስንም ይተዉት፤ የዓይን ቀለሙ ፒ ሲ አርን (ዲ ኤን ኤን የማባዛቱን ሥራ) ያግዳል። እግሯን በንጹሕ ወረቀት ላይ 15 ደቂቃ ያህል ያድርቁ፤ የቀረ አልኮልም ያግዳልና። ሰባብረው በ100 ማይክሮ ሊትር የ5 በመቶ ቼሌክስ (ዲ ኤን ኤን የሚያበላሹ ብረቶችን የሚይዝ እንክብል) እና በጥቂት ፕሮቴይኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) ውስጥ ይክተቱ። በ55 ዲግሪ 1 ሰዓት፣ ከዚያ በ99 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያሙቁ። ካሽከረከሩት በኋላ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ ይቅዱ። ፒ ሲ አሩ ባዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከታች የተቀዳ የቼሌክስ እንክብል ነው። በእያንዳንዱ ዙር ንብ የሌለበት አንድ ባዶ ብልቃጥ አብሮ ይሂድ፤ ከናሙናዎቹም አሥር በመቶውን ደግመው ይሥሩ።

ርካሹ ምርመራ የማይቶኮንድሪያው (ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዲ ኤን ኤ) ነው። ሲ ኦ 1 እና ሲ ኦ 2 በተባሉት ጂኖች መካከል ያለው ክፍል ተባዝቶ ድራ 1 በተባለው ኢንዛይም ሲቆረጥ የሚታየው ቅርጽ ንቧ ከአፍሪካው (ኤ)፣ ከምዕራብና ሰሜን አውሮፓው (ኤም) ወይም ከምሥራቅ አውሮፓው (ሲ) የዘር ሐረግ መሆኗን ይናገራል። የሚናገረው ግን ስለ እናት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ብራዚል የገቡት የአፍሪካ ንግሥቶች ዘር በ1990 ቴክሳስ ደረሰ። የእነዚህ ንቦች ማይቶኮንድሪያ በአብዛኛው አፍሪካዊ ሲሆን፣ የሕዋስ አስኳላቸው ዲ ኤን ኤ ግን የአውሮፓም ድርሻ አለበት። ተቃራኒውም አለ፤ ከውጭ በመጡ ድንጉላዎች የተዳቀለ ቀፎ በእናቱ ምርመራ «የአገሬው» ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ከ10 በላይ ማይክሮሳተላይት (ተደጋጋሚ የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ወይም የስኒፕ (በአንድ ፊደል የሚለያይ የዲ ኤን ኤ ነጥብ) ምርመራ አብሮ ሊሠራ ይገባል።

ቁጥሩ ሲመጣ

የሚጠበቀው ሄትሮዛይጎሲቲ (በዘፈቀደ የተወሰዱ ሁለት የጂን ቅጂዎች የመለያየት ዕድል) የሚሰላው የእያንዳንዱን አሊል ድግግሞሽ በራሱ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ከ1 በመቀነስ ነው። እኩል የተከፋፈሉ ሁለት አሊሎች 0.5፣ አራት አሊሎች 0.75 ይሰጣሉ። የናሙና ብዛታቸው የሚለያይ አካባቢዎችን የአሊል ቁጥር በቀጥታ አያወዳድሩ፤ ትልቁን ወደ ትንሹ ናሙና ልክ አውርደው ያስሉ።

ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ከተለያየ ቦታ የተገዙ ንግሥቶች የተቀላቀሉበት አካባቢ ብዝኃነቱ ከፍ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሥራም ሰው የሚያረባቸው ንቦች በመዳቀል ብዝኃነታቸው እንደጨመረ አሳይቷል። የጠፋው አካባቢውን ከሌላው የሚለየው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በአካባቢዎች መካከል ያለው ልዩነት ሳይታይ በአንዱ ውስጥ ያለው ብቻ አይነበብ።

ቤተ ሙከራ ሳይገቡ የሚታይ ምልክትም አለ። የንብን ጾታ የሚወስነው ጂን ሁለቱ ቅጂዎች ከተመሳሰሉ ከዳበረው እንቁላል ሠራተኛ ሳይሆን ሁለት ቅጂ ያለው ድንጉላ ይፈለፈላል፤ ሠራተኞቹም ገና እጭ ሳለ ይበሉታል። አካባቢው እኩል የተከፋፈሉ 20 አሊሎች ካሉት 5 በመቶ እጭ በዚህ ይጠፋል፤ 5 አሊል ብቻ ከቀሩ 20 በመቶ። ለመቁጠር በታሸገ የሠራተኛ እጭ መሀል 10 በ10 ክፍል ያለው ካሬ ምልክት አድርገው ባዶዎቹን ይቁጠሩ፤ በሦስት ፍሬም ይድገሙት። ባዶ ክፍል ግን በቫሯ (የንብ ጥገኛ ተባይ)፣ በእጭ በሽታ ወይም የታመመ እጭ በሚያስወግዱ ጽዱ ሠራተኞችም ይመጣል። ከሳምንት በኋላ ጤነኛ እጭ ባለበት ሌላ ፍሬም ላይ ደግመው ቆጥረው ቁጥሩ ካልወረደ ነው የዘረመሉ ጥርጣሬ የሚጠነክረው።

የተረፉትን ንቦችና ክንፋቸው የተቆረጠውን አካላት አይጣሉ። እያንዳንዷን ከክንፏ ስላይድ ጋር በአንድ ቁጥር አስረው በአዲስ ኢታኖል ያስቀምጧቸው፤ ውጤቱ ግራ ሲያጋባ ሁለተኛው እግር የሚቆረጠው ከእነዚያው ነው።