የመጀመሪያ ጊታራችሁን ከኪት እንዴት ትሠራላችሁ? ደሴ ላይ ሆኖ ለሚሞክር ሰው

ኪት ማለት ተበትኖ የመጣ ጊታር ነው። ጎኖቹ በሙቀት ተቆልምመው፣ ፊቱና ጀርባው ሳስተው፣ አንገቱ ተቀርጾ፣ ፍሬት የሚባሉት አንገቱን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ብረቶች የሚገቡበት ቦይ ተሰንጥቆ ይደርሳችኋል። ጡንቻና ትልልቅ ማሽን የሚፈልገው ሥራ አልቋል። ልኬቱ ግን ገና ነው፤ እሱ የእናንተ ዕዳ ነው። ጊታሩ የሚዘፈንበት ዕቃ ወይም የግድግዳ ጌጥ መሆኑ የሚለየውም እዚያ ላይ ነው።

ኪቱን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስረግጣችሁ ንገሩት። አንገቱ በብሎን የሚታሰር ይሁን። ሌላው ዓይነት እንደ ሽብልቅ ተሰክቶ በኮላ የሚቀር ነው። ነባር ባለሙያዎች ይወዱታል፣ ሲያዩትም ያምራል። ለመጀመሪያ ጊታር ግን አልመክረውም። በብሎን የታሰረው ካስቸገራችሁ ትፈቱታላችሁ። በኮላ የቀረውን ለመንቀል መገጣጠሚያው ውስጥ እንፋሎት መንፋት ሊጠይቅ ነው፤ ማን ይሞታል? ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ጎኖቹን ከልብስ መሐል ያድርጋቸው። ቀጫጭን ናቸው፣ ቶሎ ይሰበራሉ።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል ከፍታዋ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳ ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል። እንጨትም ያንን እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ይወፍራል፣ ሲደርቅ ይከሳል። የሚወፍረውና የሚከሳው ግን በጎኑ ነው። በቁመቱ የሚመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የጊታሩ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ሳንቃ ነው። ከሥሩ ደጋፊ እንጨቶች፣ ብሬስ የሚባሉት፣ አቋርጠውት ይጣበቃሉ። ፊቱ በጎኑ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ብሬሱ በቁመቱ ንቅንቅ አይልም። በነሐሴ ካጣበቃችኋቸው በጥር ፊቱ መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ብሬሱ አይለቀውም። መጨረሻው ስንጥቅ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ በክረምት ያጣበቀውን ጊታር በጥር ሠርግ ላይ ሊጫወትበት ባቲ ይዞት ወረደ። ደጋ ላይ የጠገበው እንጨት ቆላው ሲያገኘው ከፍሬትቦርዱ፣ ፍሬቶቹ ከሚደረደሩበት ሳንቃ፣ ጎን ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። ሠርጉ በኪቦርድ አለቀ።

በደረቅ ጊዜ አጣብቃችሁ ክረምቱ ኋላ ቢመጣስ? ፊቱ ትንሽ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። ያ የሚስተካከል ነገር ነው።

ስለዚህ የማጣበቁን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጨርሱ። ከየካቲት በኋላ በልግ አለ፤ የእኛን አገር በልግ ታውቁታላችሁ፣ ሲመጣም ሲቀርም አይታመንም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ዝቅና ሞቅ ስለሚል ትንሽ ሰፋ ያለ ጊዜ አላችሁ። ኪቱ እንደደረሰ ሳጥኑን ከፍታችሁ እንጨቱ የክፍሉን አየር እንዲለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ተዉት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይኑራችሁ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲያነብ ብሬስ ማጣበቅ ይቻላል። ክፍላችሁ ካልደረቀ ፊቱን፣ ጀርባውንና ብሬሶቹን ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ከአጠገባቸው የድሮውን የሚሞቅ አምፖል አብሩ። አምፖሉ ካርቶኑንም እንጨቱንም እንዳይነካ፤ አብርታችሁም ከቤት እንዳትወጡ።

መሣሪያና ኮላ

ስለታም መሮ፣ ትንሽ መላጊያ፣ ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ በትክክል ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ። ከእነዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚገባው ማስመሪያው ነው። የተማሪ ፕላስቲክ ማስመሪያ ይዛችሁ አትጀምሩ። የኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ ማሽንም አያስፈልግም፤ ለአፍታ ዓይናችሁን ከነቀላችሁ ፊቱን በስቶት ይገኛል።

ሞርሳ ብዙ ይጠይቃል፣ ውድም ነው። አቋራጭ አለ፣ እኔም ከሞርሳው አብልጬ እወደዋለሁ። ሁለት ጠንካራ የቺፕውድ ሰሌዳ በአራት ምሰሶ አንዱን ከሌላው በላይ 60 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። ቀርከሃ ሰንጥቃችሁ ከዚያ ትንሽ የሚረዝሙ ዘንጎች አዘጋጁ። ሥራውን ታችኛው ሰሌዳ ላይ አስቀምጣችሁ ዘንጉን ጎበጥ አድርጋችሁ በሥራውና በላይኛው ሰሌዳ መካከል ትወትፉታላችሁ። ለመቃናት ሲታገል ብሬሱን ወደታች ይጫነዋል። ሃያ ሠላሳ ዘንግ ከአንድ ሞርሳ ዋጋ በታች ነው የሚወጣው።

ኮላን በተመለከተ፣ ሱቅ የሚሸጠው ነጩ የእንጨት ኮላ ለመለማመጃ ጥሩ ነው። በዋንዛ ቁርጥራጭ ላይ ደጋግማችሁ አጣብቁበት፣ ስበሩት፣ እዩት። ለጊታሩ ግን ቢጫውን የአናጺ ኮላ ተጠቀሙ። ነጩ ሙቀትና የማያቋርጥ ጉተታ ሲደርስበት ቀስ እያለ ይሸሻል። ጊታሩን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ረስታችሁ ብትመለሱ ብሪጁ፣ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ክሮቹን የሚይዘው እንጨት፣ ተነስቶ ታገኙታላችሁ።

አካሉ

የጎኖቹን ቅርጽ የሚይዝ ፎርማ ከቺፕውድ ቆርጣችሁ አዘጋጁ። ሁለቱን ጎኖች ውስጡ አስገብታችሁ ጫፎቻቸው መሐል ላይ በትክክል እንዲገናኙ ቁረጡ። ከዚያ የላይኛውንና የታችኛውን ጉማጅ አጣብቁ። በጠርዞቹ ዙሪያ ጥርስ ጥርስ ያለውን ቀጭን እንጨት በልብስ ማስጫ ቆንጣጫ እየያዛችሁ ለጥፉ።

ብሬሶቹን ኪቱ በሚያዘው ቦታ ላይ ብቻ አጣብቁ። በፊቱ ሥር የሚሻገሩት ሁለቱ ዋና ብሬሶች የኤክስ ቅርጽ አላቸው። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ከ1840ዎቹ ጀምሮ የተጠቀመበት አቀማመጥ ነው፣ ዛሬም የብረት ክር ጊታሮች አብዛኞቹ በሱ ነው የሚሠሩት። ድምፁ እንዲከፈት ብሎ ብሬሱን እየላጩ ማሳሳት የሚወድ አለ። የመጀመሪያችሁ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ፊቱን ከጎኖቹ ጋር አጣብቁ፤ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቀዳችሁ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ብታስሩት እኩል ይጨምቃል። የተረፈውን ጠርዝ ላጩ። ስትፈገፍጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አንገቱ፤ እዚህ ጋ ቀስ በሉ

ከዚህ በፊት ያለው ስህተት ብዙው ይሸፈናል። ይሄኛው ግን አይሸፈንም። አንገቱ ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ከተሳተ ክሩ ወይ ከፍሬቱ ርቆ ጣት ይቆርጣል፣ ወይ ፍሬቱ ላይ ተኝቶ ይንጣጣል።

ፍሬቶቹ ተመትተው ካለቁ በኋላ አንገቱን ያለ ኮላ በብሎኑ ብቻ እሰሩ። የብረት ማስመሪያውን በፍሬቶቹ ላይ አጋድሙና ጫፉን ብሪጁ ወደሚቀመጥበት ቦታ አስረዝሙት። ብሪጁን ሳታጣብቁ ቦታው ላይ አኑሩት። የማስመሪያው ጫፍ የብሪጁን አናት ልክ ነክቶ ማለፍ አለበት፤ በግማሽ ሚሊ ከፍ ቢልም ደግ ነው። ብሪጁን ገጭቶ ከቆመ አንገቱ ወደፊት አጎንብሷል ማለት ነው። ከብሪጁ በላይ ብዙ ከተንሳፈፈ ወደኋላ አብዝቷል።

የሚያደናግረው ከየት ይቀነስ የሚለው ነው። ማስመሪያው ዝቅ ካለ፣ ከአንገቱ ተረከዝ (ከአካሉ ጋር ከሚገጥመው ወፍራም ግርጌው) የታችኛው ጫፍ፣ ማለትም ከጊታሩ ጀርባ በኩል ካለው፣ እንጨት ይቀነሳል። ወደ ፍሬትቦርዱ እየቀረበ ሲሄድ መቀነሱ እየሳሳ ዜሮ ይሆናል። ተረከዙ ወደ ውስጥ ሲገባ የጊታሩ ራስ ወደኋላ ይሄዳል፣ በብሪጁ በኩል ያለው ጫፍ ይነሳል። ማስመሪያው ከፍ ካለ በተቃራኒው ከላይ፣ ከፍሬትቦርዱ ሥር ይቀነሳል።

ምን ያህል? አንገቱ 14ኛው ፍሬት ላይ ከአካሉ የሚገናኝ፣ የክሩ ርዝመት 645 ሚሊ ሜትር የሆነ ጊታር ከሆነ፣ ከመገናኛው ብሪጁ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት አጥንት 287 ሚሊ አካባቢ ነው። ተረከዙ 9 ሴንቲ ገደማ ይረዝማል እንበል። ርቀቱ ከሦስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ማስመሪያው ብሪጁ ጋ 3 ሚሊ እንዲነሳ ከተረከዙ ጫፍ 1 ሚሊ መቀነስ ይበቃል። አንድ ሚሊ ብቻ! መሮ አንስታችሁ እንዳትከምሩበት።

የሚቀነሰው እንዲህ ነው። ተረከዙን ከአካሉ አስጠግታችሁ በመካከላቸው ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አስገቡ፣ ሻካራው ገጽ ወደ ተረከዙ። አንገቱን እየተጫናችሁ ወረቀቱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በሁለቱም ጎን እኩል ሳቡ፤ በግራ አሥር ከሳባችሁ በቀኝም አሥር። አለዚያ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። በየጥቂቱ ብሎኑን እያሰራችሁ ለኩ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ተረከዙ የአካሉን ጎን ቅርጽ ራሱ እየያዘ መሄዱ ነው። ሲያልቅ መሐሉ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት አይታይም።

ሌላ ልኬት ደግሞ አለ። ከፍሬትቦርዱ ሁለት ጠርዞች ሁለት ክር ወጥራችሁ እስከ ታች ሳቧቸው። ብሪጁ በሁለቱ መካከል እኩል ካልተቀመጠ አንገቱ ወደ ጎን ሄዷል፣ እሱም በዚያው ወረቀት ከአንድ ወገን ብቻ በመሳብ ይስተካከላል። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁ አይግረማችሁ። ሲሰለቻችሁ አቁማችሁ ቡና ጠጡ። «ይሁን፣ ይበቃል» የምትለዋ ቃል ብዙ ጊታር አበላሽታለች።

ብሪጁ

ከነቱ፣ በጊታሩ ራስ በኩል ክሩ ከሚያርፍበት ቁራጭ፣ እስከ 12ኛው ፍሬት 322.5 ሚሊ መሆኑን አረጋግጡ፤ የ645 ግማሽ ነው። ሳድሉ፣ ክሩ የሚያርፍበት አጥንት፣ በ645 ላይ በትክክል ከተቀመጠ ግን ጊታሩ አይቃኝም። ክር ፍሬት ላይ ስትጫኑት ይወጠራል፣ ድምፁም ትንሽ ይወጣል። ያንን ለማካካስ ለቀጭኑ ክር 2 ሚሊ፣ ለወፍራሙ 5 ሚሊ ገደማ ወደኋላ ይገፋል። ሳድሉ ዘንበል ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ቦታውን በስስ እርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት።

የሸፈናችሁበት ምክንያት ቫርኒሽ ነው። ብሪጁ በባዶ እንጨት ላይ እንጂ በቀለም ላይ አይጣበቅም። ቫርኒሹን በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡ፣ በየመሐሉ ፈግፍጉ። እንደ ሳሎን ቡፌ እስኪያንጸባርቅ ማወፈር ድምፁን ማፈን ነው። ከደረቀ በኋላ ፕላስተሩን አንሱ፣ ብሪጁን አጣብቁ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሳትነኩት አሳድሩ።

አጥንት ከሥጋ ቤት

በኪቱ ውስጥ የሚመጡት ነትና ሳድል ፕላስቲክ ከሆኑ ቀይሯቸው። የበሬ ቅልጥም ከማንኛውም ሥጋ ቤት ይገኛል። መቅኒውን አውጥታችሁ ቀቅሉት፣ ቅባቱ እስኪወጣ በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት። ጠንካራውን ግድግዳ በብረት መጋዝ ቆርጣችሁ በሞረድ አስተካክሉ። ይሸታል፤ ደጅ ሥሩት። ስታስተካክሉ ግን ሁለት ሳድል አድርጉ፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ክር መወጠርና ማስተካከል

ቀጭኑን፣ «12» የሚባለውን (የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.012 ኢንች የሆነውን) የብረት ክር ግዙ። ስድስቱ ተወጥረው ሲቃኙ በጠቅላላው ወደ 70 ኪሎ ይጎትታሉ። በአንድ ጊዜ እስከ ላይ አትውጡ፤ ግማሽ ድረስ ወጥራችሁ አሳድሩ፣ በማግስቱ ጨርሱ።

ወፍራሙን ክር 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ሩብ ሚሊ ያህል ይበቃል። ከበዛ አንገቱ ውስጥ ያለውን ትረስ ሮድ የሚባለውን የብረት ዘንግ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ፣ ሩብ ዙር እያደረጋችሁ። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ለኩ፤ ወፍራሙ 2.5፣ ቀጭኑ 2 ሚሊ ቢሆን ለእጅ ይመቻል። ግማሽ ሚሊ ዝቅ እንዲል ከሳድሉ ሥር አንድ ሚሊ ይፈገፈጋል።

መቃኘቱን ለመፈተን አንዱን ክር ባዶውን ምቱ፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። ያው ድምፅ ከላይ ደግሞ መሰማት አለበት። የስልካችሁ መቃኛ ልክ ነው ቢላችሁም እኔ በአምባሰል ቅኝት ካልሞከርኩት አላምንም። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሲና ዲ ፍላት፣ ጂና ኤ ፍላት የአንድ አንድ ፍሬት ርቀት ነው ያላቸው፤ ሳድሉ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ እነዚህ ጥንዶች ቶሎ ያሳብቃሉ። ትዝታ ይቅር ይላል፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ስለሆነ ድምፆቹ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። ክራር የሚጫወት ጎረቤት ካላችሁ ጥሩት። ስድስት ክር በጆሮው ብቻ ሲቃኝ የኖረ ሰው የናንተ ስልክ ያላየውን ይሰማል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሳድል። ሐምሌ ሲገባ ፊቱ ያብጣል፣ ብሪጁን ይዞት ይነሳል፣ ክሩም ይርቃል። ያኔ የበጋውን ሳድል እየፈገፈጋችሁ አታሳጥሩት፤ ጥቅምት ላይ ፊቱ ሲወርድ ክሩ ፍሬት ላይ ይተኛባችኋል። ሁለተኛውን አጥንት ለክረምት ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ከሥሩ «ክረምት» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉበትና በጊታሩ ሻንጣ ኪስ ውስጥ አኑሩት። ለመቀያየር ክሩን ማላላት ብቻ ነው የሚጠይቀው።