የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት፦ ከተልእኮ ጉዞ ስንመለስ የምናበላሻቸው ነገሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ኦሞ የሚሄዱ የወንጌል ቡድኖችን ማስተባበር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ቡድኖቹ ከመነሣታቸው በፊት አጥብቀው ይጸልያሉ፣ በሚገባም ይዘጋጃሉ። ስህተቱ የሚበዛው ለመመለስ ሦስት ቀን ሲቀር ነው። ሰው ደክሟል፣ ልቡ በፍቅር ሞልቷል፣ ሐሳቡ ደግሞ በግማሽ ቤቱ ገብቷል።

ከሁሉ የከፋው ቃል መግባት ነው። በመሸኛው ጉባኤ ላይ አንድ ወንድም እንባ እየተናነቀው ይነሣና «ጸሎት ቤታችሁን ቆርቆሮ እናለብሰዋለን፤ ልጆቻችሁን እናስተምራለን፤ በየዓመቱ እንመጣለን» ይላል። አስተርጓሚው ይተረጉማል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ተናጋሪው የልቡን ስሜት ነው የገለጸው፤ የሰሙት ግን ውል ነው የሰሙት። እኔም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ፣ ጥር ላይ፣ አንዲት የሣር ክዳን ጸሎት ቤት ውስጥ ቆሜ «በቅርቡ ቆርቆሮ እንልካለን» አልኩ። ሽማግሌዎቹን አላማከርኩም፣ ገንዘቡም በእጄ አልነበረም። ምእመናኑ አምነውኝ አሮጌውን ክዳን አወረዱ። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ደረሰ፤ ቆርቆሮው አልደረሰም። የጭቃው ግድግዳ ተናደ። በዓመቱ ስመለስ ወንጌላዊው አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። እጄን ይዞ ጉባኤው ወደሚሰበሰብበት የግራር ጥላ ወሰደኝ፤ እዚያም ከሕዝቡ መካከል አስቀመጠኝ። ያን ቀን መዝሙሩን አብሬ መዘመር አቃተኝ።

ስለዚህ በእኔ ቡድን ውስጥ በመሸኛ ቀን ማንም ስለ ወደፊት እርዳታ አይናገርም። ሐሳብ ያለው ሰው ለላኪው ቤተ ክርስቲያን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ገንዘቡ ሲገኝ ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ይነገራል። ሰዎች ፊት ለፊት ሲጠይቋችሁ ደግሞ «የነገራችሁንን ለላኪዎቻችን እናደርሳለን» በሉ። ማድረስ ትችላላችሁና ይህን ማለት ትችላላችሁ።

ከመኪና መስኮት ልብስና ብር አታድሉ። ጉልበት ያለው ይቀማል፣ አሮጊቷ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ ጠቡን የሚዳኘው ደግሞ እዚያው የሚቀረው ወንጌላዊ ነው። የተረፈ መድኃኒትም ለጤና ኬላ ባለሙያ እንጂ ለማንም አይሰጥም።

ሌላው የሚያስቆጣኝ ጉዳይ የመጨረሻው ቀን የጥምቀት ጥድፊያ ነው። ለሪፖርት ቁጥር ያስፈልጋል ተብሎ፣ ከሁለት ቀን በፊት ጌታን እቀበላለሁ ብሎ እጁን ያነሣ ሰው ወደ ወንዝ ይወሰዳል። አንዳንዱ እጁን ያነሣው ከሩቅ የመጣን እንግዳ ላለማሳፈር እንደሆነ ማን ጠየቀው? በራሱ ቋንቋ የሚያስተምረውስ ማን ነው? የወላይታን ታሪክ እናስታውስ። የውጭ ሚሽነሪዎች በ1920 ዓ.ም. ገብተው ዘጠኝ ዓመት ያህል ሠሩ፤ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ለመውጣት ሲገደዱ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ተገኙ፤ በመታሰርና በመገረፍ መካከል ወንጌሉን ያዳረሱት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እነዚያን ጥቂቶች በትዕግሥት ያስተማረ ሰው ባይኖር ያ መከራ በበተናቸው ነበር። ጥምቀቱን ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ተዉት። በሪፖርታችሁም ላይ «ይህን ያህል ሰው ቃሉን ሰማ» ብላችሁ ጻፉ።

የታመመ ወይም የተራቆተ ልጅ ፎቶግራፍ አታንሡ። የእናንተ ልጅ ቢሆን አትፈቅዱም።

ስለ ወባ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፤ ወጣቶቹ መኪና ላይ ሲወጡ ክኒኑን ይጥሉታልና። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን የወባ መከላከያ ክኒን የሚወስድ ሰው ከወባማው አካባቢ ከወጣ በኋላ ለአራት ሳምንት መቀጠል አለበት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሰውነት አይለምደውም። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ደቡብ ኦሞ ነበርኩ» በሉት። ከቡድኖቼ አንዲት እህት ጉንፋን መስሏት አምስት ቀን ተኝታ ቆየች፤ ያገኘናት ራሷን ስታ ነው። እግዚአብሔር አተረፋት።

የስንብቱን ቀን አታሳጥሩት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሾፌሩ ማለዳ መነሣት ይፈልጋል፤ እውነቱን ነው፣ በሌሊት መንዳት አይገባም። እንግዲያው ስንብቱን በዋዜማው አድርጉት። በቅል የሚቀርብላችሁን የቡና ገለባ ተቀምጣችሁ ጠጡ፤ ቆሞ ተጎንጭቶ መሄድ ቤቱን መናቅ ነው። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት ተንበርክኮ ከሁሉም ጋር ጸለየ፤ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፣ እስከ መርከቡም ሸኙት። እርሱም የሚቸኩል መንገደኛ ነበር።

አስተርጓሚውን ደግሞ አደራ። አሥር ቀን ሙሉ አፋችሁ የነበረው እርሱ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ ሁሉም ከመንደሩ ሰው ጋር ሲተቃቀፍ እርሱ ሻንጣ ሲጭን ነበር፤ መኪናው ሲነሣ ማንም አልተሰናበተውም፤ አበሉም የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ገንዘቡን በዋዜማው በእጁ ስጡት፤ ቤቱም ድረስ ሄዳችሁ እናቱን አመስግኑ።