ቁጥር ከመዝገብ እስከ ኒውዮርክ፦ የዘላቂ ልማት ግቦችን መረጃ ሲያቀናጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ አሃዝ ከቤተሰብ መጠይቅ ወይም ከጤና ጣቢያ መዝገብ ተነስቶ ኒውዮርክ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የመረጃ ቋት እስኪገባ ብዙ እጅ ያልፋል። መረጃ ሰብሳቢው፣ የዘርፉ ሚኒስቴር፣ ብሔራዊው የስታቲስቲክስ ተቋም፣ ከዚያም ለአመላካቹ ባለአደራ የሆነው ዓለም አቀፍ ድርጅት በመንገዱ ላይ አሉ። ባለአደራው ለጤና የዓለም ጤና ድርጅት፣ ለትምህርት መቀመጫው ሞንትሪያል የሆነው የዩኔስኮ ስታቲስቲክስ ተቋም፣ ለግብርናና ለምግብ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ)፣ ለሥራ ስምሪት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በርክክቡ ላይ ነው። ቁጥሩ ይሻገራል፣ ትርጉሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ምሳሌዎቻችን በብዛት ከኢትዮጵያ ናቸው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን መጥቀስ ለምን ግድ እንደሆነ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ስሙ ስለተመሳሰለ ትርጉሙም አንድ ነው ብሎ መውሰድ

የመጠጥ ውሃ ዋናው ማሳያ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውሃ ሽፋን መለኪያው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ዕቅድ ወደ 25 ሊትርና ወደ 1 ኪሎ ሜትር ተሻሻለ። የዘላቂ ልማት አመላካች 6.1.1 ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ውሃው ከተሻሻለ ምንጭ የመጣ፣ በግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ በተፈለገ ጊዜ ያለ፣ ከሰገራ ብክለትና እንደ ፍሎራይድና አርሰኒክ ካሉ ኬሚካሎች የጸዳ መሆን አለበት። ግቢ ውስጥ ባይኖርም ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ «መሠረታዊ» አገልግሎት ይባላል፤ ለ6.1.1 ግን አይቆጠርም።

ስለዚህ 800 ሜትር ላይ ጥሩ የሚሠራ የእጅ ፓምፕ ያለው መንደር በአገራዊው ስሌት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ በ6.1.1 ስሌት ደግሞ አንድም ሰው አይገባም። ሁለቱም ቁጥሮች ለታሰቡለት ዓላማ ትክክል ናቸው። ጥፋቱ ሁለቱን «የንጹሕ ውሃ ሽፋን» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ማስቀመጥ፣ ከዚያም ልዩነቱን እንደ ውሸት መቁጠር ነው። የውሃውን ጥራት ደግሞ የምንጩን ዓይነት አይቶ መገመት አይቻልም፤ በ2016 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በቤተሰብ ጥናቱ የሰገራ ብክለትን የሚጠቁመውን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ምርመራ ማካተቱ ለዚህ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ግን አሰልቺ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ዓለም አቀፍ አመላካች የራሱ የሜታዳታ ሰነድ አለው። ቁጥሩን ከመላክዎ በፊት ሰነዱን ይክፈቱና ላዕሉን፣ ታህቱን፣ የዕድሜ ክልሉን፣ የሚሸፈነውን አካባቢና የጊዜ ወሰኑን ከራስዎ ቁጥር ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። የማይገጥም ካለ ልዩነቱን በማስታወሻ ጽፈው ከቁጥሩ ጋር አብረው ይላኩ።

ዓመቱን ሳያስተካክሉ መላክ

የ2015 በጀት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ያለው ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 ማለት ነው። አንዱ ባለሙያ «2022» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሌላው «2023» ይለዋል፤ ሳያስተውል እንዳለ «2015» ብሎ የሚልክም አለ። የመጨረሻው እጅግ አደገኛ ነው፤ 2015 ግቦቹ የጸደቁበት ዓመት ስለሆነ ቁጥሩ እንደ መነሻ ተወስዶ የኋላ ዕድገት ሁሉ ከእሱ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በሌላው ጫፍም እንዲሁ ነው፤ የአሥር ዓመቱ የልማት ዕቅድ የሚያበቃው በ2022 ዓ.ም. ሲሆን ይህ የዓለም አቀፉ ማብቂያ ከሆነው ከ2030 ጋር የሚገጥም እንጂ የጎርጎርዮሳዊው 2022 አይደለም።

በጥሬ መረጃ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፋይሎች ቀንን የሚይዙት ከ1900 ጀምሮ በተቆጠሩ ወራት ነው፤ ወራቱ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለመቀየር 92 ወር ይደመራል፣ ማለትም 7 ዓመት ከ8 ወር። የልጅን ዕድሜ ከቃለ መጠይቁ ቀን ላይ ቀንሶ ለማግኘት ሁለቱም ቀናት በአንድ አቆጣጠር ስለሆኑ መቀየሩ አያስፈልግም። ከኬንያ ወይም ከሱዳን መረጃ ጋር በአንድ ሰሌዳ ሲቀመጥ ግን ያለ 92ቱ ወር ነገሩ ሁሉ ይዛባል። በሚኒስቴሮች መካከል በሚለዋወጡት ሠንጠረዥ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይኑሩ፤ «ዓመት» የሚል አንድ ዓምድ አይበቃም።

የናሙና ውጤትን እንደ ቆጠራ ማንበብ

የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ጊዜ የሚሞቱ እናቶችን ቁጥር በ100,000 ሕያው ልደት 412 አድርጎ አስቀምጧል። የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ፣ ማለትም ከናሙና ስህተት የተነሳ እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ስፋት፣ ከ273 እስከ 551 ነው። በ2011 ቁጥሩ 676፣ ክልሉም ከ541 እስከ 810 ነበር። ብዙዎች 676ትንና 412ትን ብቻ ይዘው «በአምስት ዓመት 39 በመቶ ቀነሰ» ይላሉ። ሁለት ነገር ያመልጣቸዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት የሚሸፍን ስለሆነ ሁለቱ ወቅቶች ሁለት ዓመት ያህል ይደራረባሉ። ሁለተኛ፣ የልዩነቱ የራሱ ክልል ሰፊ ነው፤ በግምት ስናሰላው ቅነሳው ከ75 እስከ 450 ባለው ውስጥ ያርፋል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ሁለቱ ክልሎች በ541 እና በ551 መካከል ስለሚነካኩ «ለውጥ የለም» ማለት ልክ አይደለም። ክልሎች ትንሽ ስለተነካኩ ልዩነቱ ከንቱ አይሆንም፤ መመርመር ያለበት ልዩነቱ ራሱ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ክልሉ ዜሮን አይነካም። በ2005 የነበረውን 673 ከ2011ዱ 676 ጋር ስናስተያይ ግን ስለ መጨመርም ስለ መቀነስም ለመናገር የሚያበቃ ነገር የለም። የእናቶችን ሞት የሚያህል ጉዳይ ባልተረጋገጠ ድል ሊዘጋ አይገባም፤ ክልሉን ሳይጽፉ ነጠላ ቁጥር ብቻ ማስተላለፍ ይቅር።

የተገመተውን ከተለካው ጋር መቀላቀል

ዓለም አቀፉ ሪፖርት ሲወጣ ለእናቶች ሞት የሚሰጠው ቁጥር ከአገራዊው ጥናት ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የሥነ ሕዝብ ፈንዱ፣ የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ክፍል በጋራ የሚያወጡት ግምት የጥናቱን ውጤት ግብዓት ያደርጋል። በአጋጣሚ ምክንያት የሞቱትን ይቀንሳል፣ መረጃ የሌለባቸውን ዓመታት ደግሞ የነፍስ ወከፍ ገቢን፣ የወሊድ መጠንንና በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ የማዋለድ አገልግሎትን ተጠቅሞ ይሞላል። አዲስ ዙር በወጣ ቁጥር ወደ ኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደገና ይሰላሉ። ስለዚህ ካለፈው ሪፖርት የ2015ን ቁጥር፣ ከአዲሱ ሪፖርት የ2020ን ቁጥር ወስዶ መስመር ማስመር የለየለት ስህተት ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ተከታታዩን ከአንድ ዙር ብቻ ይውሰዱ፤ የወጣበትንም ዓመት ይጻፉ።

በተባበሩት መንግሥታት የመረጃ ቋት እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምንነቱን የሚናገር ምልክት አለ፦ የአገር መረጃ፣ የተስተካከለ የአገር መረጃ፣ ግምት፣ በሞዴል የተሰላ። ፋይሉን እንዳወረዱ መጀመሪያ መታየት ያለበት ያ ዓምድ ነው። በሞዴል የተሰላ ቁጥር የራሳችንን ፕሮግራም ውጤት ሊያሳይ አይችልም፤ ሞዴሉ የሚያውቀው የሰጡትን ብቻ ነው።

ያረጀ ታህት

የኢትዮጵያ የመጨረሻ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. (2007) ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። አንድ ወረዳ የክትባት ሽፋኑን 118 በመቶ ብሎ ሲልክ ብዙ ጊዜ የተከተቡት ሕፃናት ብዛት ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የሚጠበቁት ሕፃናት ቁጥር ነው፣ ወይም ከአጎራባች ወረዳ የመጡ ተቆጥረዋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት ቁጥሩን ወደ 100 መቁረጥ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ችግሩ ያለበትን ወረዳ ማግኘት አይቻልም፤ በተቃራኒው የተጋነነ ታህት ያላቸውና ሽፋናቸው ዝቅ ብሎ የሚታይ ወረዳዎች እንዳሉ ስለሚቀሩ አገራዊው አማካይም ይዛባል። ላዕሉንና ታህቱን ለየብቻ ይላኩ፤ የታህቱን ምንጭም ይግለጹ። ባለአደራው ድርጅት የተባበሩት መንግሥታትን የሕዝብ ግምት፣ አገሪቱ ደግሞ የራሷን ትንበያ የምትጠቀም ከሆነ ያው ላዕል ሁለት የተለያየ መቶኛ ይሰጣል።

አንድ ጥያቄ በሁለት በር ሲገባ

ባለአደራ ድርጅቶች መጠይቃቸውን የሚልኩት አንዳንዴ ለዘርፉ ሚኒስቴር፣ አንዳንዴ ለስታቲስቲክስ ተቋሙ፣ አንዳንዴም በአገር ውስጥ ባለው ቢሯቸው በኩል ነው። ሚኒስቴሩ ከመዝገብ ያገኘውን ይልካል፣ ተቋሙ ከቤተሰብ ጥናት ያገኘውን ይልካል፤ ድርጅቱ አንዱን ይመርጣል፣ አገሪቱ ውስጥ ግን ማን ምን እንደላከ የሚያውቅ አይኖርም። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ1994 ያወጣቸው፣ ጠቅላላ ጉባኤውም በ2014 ያጸደቃቸው 10 መሠረታዊ መርሆዎች ስምንተኛቸው በአገር ውስጥ ባሉ የስታቲስቲክስ ተቋማት መካከል ስለሚደረግ ቅንጅት የሚናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ የሥራ ሠንጠረዥ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አመላካች አንድ ረድፍ ይያዝና እነዚህ ይሞሉበት፦ ባለአደራው ድርጅት፣ መጠይቁ የሚደርሰው የሥራ ክፍልና የመደቡ መጠሪያ (የሰው ስም ብቻ ከሆነ ሰውየው ሲዛወር መስመሩ ይበጠሳል)፣ መጠይቁ በተለምዶ የሚመጣበት ወር፣ የመረጃው ምንጭ፣ ከመላኩ በፊት የሚያረጋግጠው አካል፣ የተላከው ፋይል ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ። በኢትዮጵያ ሁኔታ ሠንጠረዡን የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ቢይዘው፣ የፕላንና ልማት ሚኒስቴርም ለአገራዊ ግምገማ ሪፖርቱ ከዚያው ቢቀዳ ሁለት ዓይነት አሃዝ አይወጣም።

ሌላው በር የሚዘጋው በዝምታ ነው። ባለአደራው ግምቱን ከማሳተሙ በፊት ለአገሪቱ ይልካል፤ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። «አንቀበለውም» የሚል ደብዳቤ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። የሚሠራው መልስ ያልተካተተውን ጥናት፣ የተሰበሰበበትን ጊዜ፣ የናሙናውን መጠንና ሠንጠረዡን አያይዞ የሚላክ ነው።

መለኪያው ሲለወጥ መስመሩን ዝም ብሎ መቀጠል

የፍጹም ድህነት ወለል በቀን 1.90 ዶላር ነበር፣ በ2022 ወደ 2.15፣ በ2025 ወደ 3.00 ተቀየረ፤ ስሌቱ የሚቆመው በየዘመኑ የዋጋ ንጽጽር ላይ ነው። አዲሱን መቶኛ ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ድህነት በአንድ ሌሊት የጨመረ ያስመስላል። የአገራዊው ድህነት ወለል ደግሞ ሌላ አመላካች ነው (1.2.1)። በሥራ ስምሪትም ኦክቶበር 2013 የተካሄደው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በዋናነት ለራሱ ፍጆታ የሚያመርተውን ገበሬ ከ«በሥራ ላይ ያሉ» ቁጥር አውጥቶታል። እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ሚሊዮኖችን ያንቀሳቅሳል። የተከታታዩ መስመር በዚያ ዓመት ላይ ይቆረጥ፤ ቢቻል ለአንድ ዓመት በሁለቱም ትርጉም ይሰላ።

የአመላካቾቹ ዝርዝርም ራሱ ይለወጣል። በ2020 ከተደረገው አጠቃላይ ክለሳ በኋላ 247 ተዘርዝረው፣ 12ቱ በተለያዩ ዒላማዎች ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስለሚደጋገሙ ልዩ የሆኑት 231 ነበሩ፤ በ2025 ሌላ ክለሳ ተከትሏል። «ይህን ያህል መቶኛውን ሪፖርት አድርገናል» ሲባል ከየትኛው ዝርዝር እንደሆነ ይገለጽ።

አካል ጉዳትን በአንድ ጥያቄ መለየት

«በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ «የለም» ይላል፤ ቃሉ ያሳፍራል፣ በዕድሜ የመጣ የማየት ችግርም እንደ አካል ጉዳት አይታሰብም። በ2007ቱ ቆጠራ የተገኘው 1 በመቶ ገደማ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የአካል ጉዳት መለኪያዎችን የሚያዘጋጀው የዋሽንግተን ቡድን አጭር መጠይቅ ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ ወይም ማተኮር፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት። መልሱ አራት ደረጃ አለው፤ «ብዙ ይቸግረኛል» ወይም «ጨርሶ አልችልም» ያለ በአንዱም ቢሆን ይቆጠራል። መጠይቁን ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማልኛ ሲመልሱ «አካል ጉዳት» የሚለውን ቃል በመግቢያው እንኳ አያስገቡ፤ አንዴ ከተጠራ ስድስቱም ጥያቄዎች ወደ አሮጌው ጥያቄ ይመለሳሉ።

ባዶን ዜሮ ማድረግ

በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ አልተለካም፣ አይመለከተንም፣ ወይም ተለክቶ ዜሮ ሆኗል። ኤስዲኤምኤክስ የተባለው የመረጃ መለዋወጫ ደረጃ ለእያንዳንዱ የተለየ ምልክት አለው፤ በኤክሴል ሲላክ ግን ባዶው ቦታ በቀላሉ ወደ 0 ይቀየራል። የአገር መለያ ቁጥሩንም ይመልከቱ። የኢትዮጵያ የአሁኑ መለያ 231 ነው፤ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከመሆኗ ከ1993 በፊት የነበረው 230 ነበር። የሁለቱን ተከታታይ ያለ ማስታወሻ የገጠመ ሰው የሕዝብ ቁጥሩ፣ የእርሻ መሬቱና የባሕር ዳርቻው በአንድ ዓመት ለምን እንደተቀየረ ማስረዳት አይችልም።