ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ 100 ላይ ሲቆም እንዴት እንደሚስተካከል

ካርዱ ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ነው፣ ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን፣ ማለትም ስዊቹም ጊጋቢት ነው። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል ስትገለብጡ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ይደርስና አልፎ አይሄድም። ጊጋቢት ቢሆን 110 አካባቢ መድረስ ነበረበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

በመጀመሪያ ካርዱ በስንት እንደተገናኘ እዩ። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ ኢተርኔት የሚለውን ክፈቱ፤ ሊንክ ስፒድ የሚል መስመር አለ። 1000 ካለ ካርዱ ደህና ነው፤ ዝግታው ከሃርድ ዲስኩ ወይም ከኢንተርኔት ፓኬጃችሁ ሊሆን ይችላል። 100 (ሜጋቢት) ካለ ግን ያ 11 ሜጋባይት የመጣው ከዚህ ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነውና። ቀድሞ መጠርጠር ያለበትም ኬብሉ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠማዘው ይገኛሉ። ለ100 ሜጋቢት 2 ጥንድ ይበቃል፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6ኛው ፒን (ሽቦው ጫፉ ላይ የሚነካው ብረት) ብቻ ይሠራሉ። ጊጋቢት 4ቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ቢቋረጥ ብዙ ካርዶች ወደ 100 ወርደው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ኢንተርኔቱም ስለሚሠራ ኬብሉን ማንም አይጠረጥረውም።

አንድ ማተሚያ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ካርዱ ተቀይሮ፣ ዊንዶውሱም እንደ አዲስ ተጭኖ ጠበቀኝ። ኮኔክተሩን (ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለውን የፕላስቲክ መሰኪያ) ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ቡናማው ሽቦ ከሌሎቹ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ ፒኑ ጋ አልደረሰም። ጫፉን ቆርጬ እንደገና ክሪምፕ ሳደርገው (ሽቦዎቹን አዲስ ኮኔክተር ውስጥ አስገብቼ በመሣሪያ ስጨምቀው) ወዲያው 1000 አሳየ።

እናንተም ኮምፒውተሩን ስዊቹ አጠገብ አምጡና በፋብሪካ በተሠራ አጭር ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል (ጊጋቢት የሚችሉ የኬብል ደረጃዎች ናቸው) አገናኙት። 1000 ካሳየ ጥፋቱ የግድግዳው መስመር ነው። አሁንም 100 ከሆነ የስዊቹን ፖርት ቀይሩ። ለቤት የሚሰጡ ብዙ ራውተሮች ፖርታቸው ራሱ ከ100 እንደማያልፍም አትርሱ፤ ሞዴሉን ከሥሩ ካለው ጽሑፍ አንብባችሁ አረጋግጡ።

የግድግዳው መስመር ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ፈትሹ። የሽቦዎቹ ቀለም ቅደም ተከተል ከ1ኛው ፒን ጀምሮ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ቀለሙን እንደመጣ መደርደር ይቻላል የሚሉ አሉ። ይህ ስህተት ነው። ርካሹ ቴስተር (የኬብል መፈተሻ) 8ቱንም መብራት ያበራላችኋል፤ ነገር ግን 3 እና 6 ላይ የሚገባው ጥንድ አብሮ ካልተጠማዘዘ ምልክቱ እርስ በርሱ ይረባበሻል። ጥምዛዙንም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱት። ኬብል ለመቆጠብ ተብሎ አንዱ መስመር ለሁለት ኮምፒውተር ተከፍሎ ከሆነም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 ጥንድ ብቻ ስለሆነ ጊጋቢት አይታሰብም። ርዝመቱም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ኬብሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ሴቲንጉ ሂዱ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ አድቫንስድ በሚለው ገጽ ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስን ፈልጉ፤ ኦቶ ኔጎሲዬሽን ላይ (ካርዱና ስዊቹ ፍጥነቱን ራሳቸው ተስማምተው እንዲመርጡ) መሆን አለበት። አንድ ሰው ቀድሞ 100 ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ላይ አስሮት ከሆነና ስዊቹ ኦቶ ላይ ካለ፣ ስዊቹ ሃፍ ዱፕሌክስ (በየተራ መላክና መቀበል) ላይ ይቀርና ፍጥነቱ ከ100ም በጣም ያንሳል። እዚያው ገጽ ላይ ግሪን ኢተርኔት የሚል (ኃይል ቆጣቢ አማራጭ ነው) ካለ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ድራይቨሩንም (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከካርዱ ወይም ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ አውርዳችሁ አድሱ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ያው ኬብልና ያው ፖርት ላይ ሌላ ኮምፒውተር ሰኩ። እሱ 1000 ካሳየ ያን ጊዜ ካርዱን ቀይሩ። የዩኤስቢ አዳፕተር ከሆነ ግን ዩኤስቢ 3 ላይ መሰካቱን እዩ፤ ዩኤስቢ 2 ከ480 ሜጋቢት አያልፍም። ስትጨርሱ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጣችሁ ለኩ፤ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ጤነኛውን መስመርም ዘገምተኛ ያስመስሉታል።