በሞት ቅጣት ላይ ለሚደረግ ክርክር እንዴት እንዘጋጅ?

የሞት ቅጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የክርክር መድረኮች ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ርዕስ ነው። በዳኝነት ወንበር ተቀምጬ ይህን ሙግት በሰማሁባቸው ጊዜያት የታዘብኩት፣ ተከራካሪዎች የሚሸነፉት በአብዛኛው መረጃ ስላነሳቸው ሳይሆን ጭብጥ ሳይይዙ ወደ ሙግት ስለሚገቡ መሆኑን ነው። አንደኛው ወገን «ነፍስ ያጠፋ ነፍሱ ሊጠፋ ይገባል» ሲል ሌላው «የሞት ቅጣት ወንጀልን አይቀንስም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አባባሎች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አልነካውምና። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ይህን ርዕስ ለሚያዘጋጁ የክርክር ክበብ አስተባባሪዎችና ለተከራካሪዎቹ የታሰበ ነው።

ርዕሱን መቅረጽና ጭብጡን መለየት

«የሞት ቅጣት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ርዕስ ለማንም አይጠቅምም። «ኢትዮጵያ የሞት ቅጣትን ከወንጀል ሕጓ ልትሰርዝ ይገባል» ተብሎ ቢቀረጽ ግን የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ወዲያው ይታወቃል፤ ያለውን ሕግ ለመለወጥ የሚጠይቀው ወገን ለምን እንደሚለወጥ ማስረዳት አለበት።

ከዚያ ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወረቀት ለሦስት ይክፈል። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ «ይገባዋል ወይ?»፣ በሁለተኛው ላይ «ይጠቅማል ወይ?»፣ በሦስተኛው ላይ «ይህን ሥልጣን ለማን እናምናለን?» ብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው የፍትሕና የሥነ ምግባር ጥያቄ ስለሆነ በአኃዝ አይመለስም፤ ሁለተኛው ያለ አኃዝ አይመለስም፤ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ፖሊስ ምርመራ፣ ስለ ዐቃቤ ሕግ፣ ስለ ዳኞችና ስለ መንግሥት የሚጠይቅ ነው። የተሰበሰበው ሐሳብ ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ሥር ይግባ። የትኛውም ዓምድ ውስጥ የማይገባ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ስሜት እንጂ ክርክር ሆኖ አይገኝም።

ከሕጉ መነሳት

ሕጉን ሳያነቡ መከራከር ትልቁ ድክመት ነው፤ ለማንበብ የሚያስፈልገው ደግሞ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይወስድም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 በሕይወት የመኖርን መብት ከደነገገ በኋላ፣ በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል የሚጣል ቅጣትን ብቻ በልዩ ሁኔታ ያስቀራል። ስለዚህ «የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ መነሳት በመጀመሪያው ደቂቃ መረታት ነው፤ «ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም» ብሎ መነሳት ግን ይቻላል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 ቅጣቱን በብዙ በኩል አጥብቦታል። ወንጀሉ ከባድና ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛውም በተለይ አደገኛ መሆን አለበት፤ ቅጣት ማቅለያ ምክንያት ሊኖር አይገባም፤ ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀለኛው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ፍርዱም ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። በአደባባይ መስቀልም ተከልክሏል። በሰው ግድያ ረገድ ቅጣቱ የሚገኘው በአንቀጽ 539 ሥር ስለሆነ፣ ተራ ግድያን ከከባድ ግድያ የማይለይ ተከራካሪ ለተጋጣሚው በር ይከፍታል፤ በዚህ አንቀጽም ቢሆን ዳኛው በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራትና በሞት መካከል ይመርጣል። ምርጫ የማይሰጠው ሁኔታ በዚያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 2 የተቀመጠው ነው፤ ይኸውም የዕድሜ ልክ እስራት በመፈጸም ላይ ያለ ሰው እንደገና ከባድ ግድያ ሲፈጽም ነው።

ቅጣቱ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን ክንፈ ገብረ መድኅንን በግንቦት 1993 ዓ.ም. በመግደል የተፈረደበት የጦር መኮንን በ1999 ዓ.ም. ክረምት የሞት ፍርዱ ተፈጽሞበታል። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች የሞት ፍርድ መስጠታቸውን አላቆሙም፤ ፍርዱ መፈጸሙ ግን እምብዛም አይሰማም። ይህ መካከለኛ ሁኔታ ራሱ የክርክር ጉዳይ ነው፤ የማይፈጽመውን ፍርድ የሚፈርድ ሥርዓት ለየትኛው ወገን እንደሚያደላ ሁለቱም ቡድኖች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ደጋፊው ወገን የት ላይ ይቁም?

የሞት ቅጣት ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚሮጡት ወደ ማስፈራራት ኃይል ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ደካማው ምሽጋቸው ይህ ነው። ኢኮኖሚስቱ አይዛክ ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጥናት አንድ የሞት ቅጣት መፈጸሙ ሰባት ወይም ስምንት ግድያዎችን ያስቀራል ብሎ ነበር። በአሜሪካ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያ ወዲህ የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ፣ ቅጣቱ ግድያን ይቀንስ፣ ይጨምር ወይም ምንም ለውጥ አያምጣ ከእነርሱ ተነስቶ መናገር አይቻልም ሲል ደመደመ። ምክንያቱም ጥናቶቹ ንጽጽሩን ከረጅም እስራት ጋር አላደረጉም፤ ሊገድል የሚያስብ ሰው አደጋውን እንዴት እንደሚገምተውም አላወቁም። ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ይህ መደምደሚያ «አያስፈራም» አላለም፤ «አልታወቀም» ነው ያለው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ቅጣቱን ከሰረዘች በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የግድያ መጠኗ መቀነሱ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ቢሆንም ቅነሳው የመጣው በመሰረዙ ነው ብሎ ማለት አይቻልም።

የደጋፊው ጽኑ መሬት የመጀመሪያው ዓምድ ነው። እዚህ ላይ ከራሳችን ታሪክ የሚወሰድ ከባድ ሐሳብ አለ። በቀድሞው ዘመን በፍትሐ ነገሥት የሚፈርደው ችሎት ገዳይን ለሟች ዘመዶች አሳልፎ ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ፣ ወይ ጉማ (የደም ካሳ) ተቀብለው ይታረቃሉ። ዘመናዊው መንግሥት ይህን መብት ከሟች ቤተሰብ እጅ ወስዶ «እኔ እፈርድላችኋለሁ» ብሏል። ደጋፊው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይችላል፦ መንግሥት የደም መላሽነትን መብት ከወሰደ በኋላ፣ ሦስት ልጆቿን ለታረዱባት እናት ፍርዱ ምን ሆኖ ይታያታል? ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ካልተመዛዘነ ሰው ጠመንጃውን ከግድግዳ አያወርድም ወይ? ተቃዋሚውም በዚያው ታሪክ መመለስ ይችላል፤ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የኖሩት ሁለተኛ ሬሳ እንዳይጨመር ነውና። በዚህ ደረጃ የሚደረግ ሙግት መስማት ያረካል።

ደጋፊው በኪሱ ሊይዘው የሚገባ ሌላው ነገር ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአንቀጽ 539 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ጠባቂውን ወይም አብሮት የታሰረውን ቢገድል፣ ሞት ከሌለ ምን ይጨመርበታል? ተቃዋሚው ለዚህ መልስ ሳያዘጋጅ መድረክ ላይ አይውጣ።

ተቃዋሚው ወገን የት ላይ ይቁም?

የተቃዋሚው ጥንካሬ ሦስተኛው ዓምድ ነው፤ «ይገባዋል» የሚለውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎም ሊያሸንፍ ይችላል። የሚገባውን ሰው ለይቶ የሚያገኘው ማን ነው? እስራት ቢሳሳት ቀሪው ዘመን ይመለሳል፣ ካሳም ይከፈላል፤ ሞት ይግባኝ የለውም።

ይህን በደፈናው ከመናገር አንድ ሰው ይዞ መቅረብ ይበልጣል። ጃፓናዊው የቀድሞ ቦክሰኛ ኢዋዎ ሃካማዳ እ.ኤ.አ. በ1968 በአራት ሰዎች ግድያ ሞት ተፈረደበት። ለብዙ ቀናት በተካሄደ ምርመራ የእምነት ቃል ሰጥቶ ነበር፤ በችሎት ግን ካደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ጉዳዩን እንደገና ያየው ፍርድ ቤት ዋነኛው ማስረጃ የነበረው ደም የነካው ልብስ በመርማሪዎች የተፈበረከ ነው ብሎ በነፃ አሰናበተው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 88 ነበር፣ አእምሮውም በእስር ቤት ተጎድቶ ነበር። የእንግሊዙ ጢሞቴዎስ ኤቫንስ ግን ይህን ያህል ዕድሜ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰቀለ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ይኖር የነበረ ሌላ ሰው ተከታታይ ገዳይ ሆኖ ተገኘ፣ ኤቫንስም እ.ኤ.አ. በ1966 ከሞተ በኋላ ይቅርታ ተሰጠው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማቅረብ ሙሉ ንግግር ይተካል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የእኛን የምርመራ ሥራ ይመለከታል፤ የእምነት ቃል እንዴት እንደሚገኝ፣ ድሃ ተከሳሽ ተከላካይ ጠበቃውን ከችሎት በፊት ስንት ጊዜ እንደሚያገኘው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለው።

የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ፦ አንድን ምሳሌ አገላብጦ ማየት

ሁለቱም ወገኖች ከአንድ የአገር ውስጥ ምሳሌ የየራሳቸውን ማውጣት እንዲለማመዱ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ባልደረቦቻቸውን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ በጥር 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የሃይማኖት አባቶች ምሕረት ለመኑ፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 ሰዎችን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎች «ይቅርታ ተደረገላቸው» ይላሉ፤ ስህተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይቅርታም ምሕረትም አይሰጥም ካለ በኋላ፣ ርዕሰ ብሔሩ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ እንደሚችል ብቻ ይፈቅዳል። የሆነውም ይኸው ነው። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ስለነበር ለአመክሮ የሚያስፈልገው 20 ዓመት ሞልቷቸዋል።

ይበልጥ የሚያስገርሙት የደርግ ባለሥልጣናት የነበሩት ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚገኘው የጣልያን ኤምባሲ ገብተው፣ ጣልያን ሞት ሊፈረድባቸው ይችላል በሚል አሳልፋ አልሰጥም ስላለች፣ 30 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር እዚያው ቆዩ። የወጡት በ2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ የሞት ፍርዳቸውን ከለወጡ በኋላ ነው። ተቃዋሚው «የሞት ቅጣት ራሱ ተጠርጣሪዎችን ከፍትሕ አስመለጠ» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ለዚህም ሩዋንዳ ትረዳዋለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 በዘር ማጥፋት የተፈረደባቸውን 22 ሰዎች በአደባባይ ረሽና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ቅጣቱን የሰረዘችው ከምክንያቶቿ አንዱ የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት ወንጀል ይዳኝ የነበረው የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትና የአውሮፓ አገሮች ተጠርጣሪዎችን እንዲልኩላት ነው። ደጋፊውም ባዶ እጁን አይቀርም፤ በእነዚህ ሰዎች ትእዛዝ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች በአመክሮ ሲወጡ ምን ተሰማቸው ብሎ ይጠይቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በተረሸኑት 60 ያህል ባለሥልጣናት ጉዳይ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። ያ ያለ ፍርድ የተፈጸመ ግድያ እንጂ የሞት ቅጣት አይደለም። መንግሥት የመግደል ሥልጣን ሲይዝ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ለማሳየት መጥቀስ ይቻላል፤ የሞት ቅጣት ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ግን ተጋጣሚውን መጥቀም ነው።

ሃይማኖትን እንዴት እንያዘው?

መጽሐፍ ቅዱስም ቁርአንም ይጠቀሳሉ፤ መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። አወያዩ አንድ ደንብ ብቻ ያስቀምጥ፦ ጥቅስ የሚያቀርብ ሰው ከጥቅሱ የሚያወጣውን መርሕ በራሱ ቃል ይናገር። በእስላማዊው የቂሳስ (የአጸፋ ቅጣት) ሥርዓት ለምሳሌ የሟች ቤተሰብ ዲያ (የደም ካሳ) ተቀብሎ ወይም ያለ ክፍያ ይቅር ማለት ይችላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግድያ የተከሰሱ ወገኖቻችን ዘመዶች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ «ሃይማኖት ሞትን ያዛል» የሚለው ብቻውን ያልተሟላ ንግግር ነው።

በልምምድና በክርክሩ ቀን

ከክርክሩ ሦስት ቀን በፊት ቡድኖቹ ወገን ተለዋውጠው አንድ ሙሉ ዙር ይከራከሩ። ብዙዎች አይወዱትም፤ «ከልቤ የማላምንበትን አልናገርም» ያለችኝ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከተለማመደች በኋላ ግን የተጋጣሚዋን ንግግር ከተጋጣሚዋ አሳምራ ስታቀርብ፣ ዋናው ቀን ምን እንደሚመጣባት አስቀድማ ታውቅ ነበር።

ጥያቄ የመጠያየቂያውን ዙር እንደ ጥንቱ ተጠየቅ አጭርና የተሳለ ማድረግ ይሻላል። ጠያቂው ንግግር እንዳያደርግ፣ ተጠያቂው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ ከዚያ እንዲያብራራ ይታዘዝ። ለደጋፊው የሚቀርበው ጥያቄ «ከመቶ አንድ ንጹሕ ሰው እንደሚሞት ብታውቅ ቅጣቱን ትይዛለህ ወይ?» ይሁን፤ ለተቃዋሚው ደግሞ «ጥፋተኛነቱ ፈጽሞ የማያጠራጥር፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት እስር ቤት ውስጥ ደግሞ የገደለ ሰው ቢቀርብ፣ አሁንም ያው ነህ ወይ?» ይሁን። ሁለቱም መልስ የሚያስጨንቁ ናቸው፤ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡትም እዚያ ላይ ነው።

አድማጩ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ከክርክሩ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ ይስጥ፤ አሸናፊው ብዙ ድምፅ ያገኘው ሳይሆን ብዙ ሰው ሐሳቡን ያስለወጠው ይሁን። ካርዶቹ ላይ «አልወሰንኩም» የሚል ሦስተኛ ቦታ መተውን አይርሱ፤ በዚህ ርዕስ ላይ ሁልጊዜ የሚሞላው ቦታ እሱ ነው።