የቤተሰብን ስም ታሪክ ከቅርስና ከቃል ትውፊት መፈለግ

የቤተሰብ ስምን መነሻ መፈለግ የሚጀመረው በዕድሜ ከገፉት ዘመዶች ነው፤ ዕቃው ቢጠብቅም ሰው አይጠብቅምና። ሲተርኩ ድምፃቸውን ቅዱ፣ ቃላቸውን ሳታርሙ ጻፉ፣ ታሪኩን ከማን እንደሰሙትም ጠይቁ። ከዚያ ዕቃዎቹን መርምሩ፦ በቀለበት ውስጠኛ ገጽ የተቀረጸ ፊደል፣ በጸሎት መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ የሰፈረ የልደት ቀን፣ በፎቶግራፍ ጀርባ ያለ የስቱዲዮ ማኅተም ስሙ መቼና የት ይጠራ እንደነበር ይጠቁማሉ። በካርቶን ላይ የተለጠፈው ትንሹ የካርድ ፎቶግራፍ በፓሪስ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1854 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ከ1820ዎቹ የሚያደርስ ትረካ መታረም አለበት። ስሙ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ብታገኙት ሌላ ቤተሰብ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በጆሯቸው እንደሰሙት ነበርና። በጋብቻ ስማቸውን የለወጡ ሴቶችን የትውልድ ስም ግን ከሁሉ አስበልጣችሁ ፈልጉ።