ከአያት እስከ ጀሞ፦ ለቤተሰብ የሚሆን ቤት እንዴት እንከራይ?

ልጆች ሲመጡ ያቺ ስቱዲዮ ትጠባለች። መሃል አዲስ አበባ ላይ ሦስት መኝታ ቤት የሚጠየቅበትን ዋጋ ደግሞ ባናነሳው ይሻላል። ስለዚህ ዓይናችን ወደ ዳር ዳር ይሄዳል፤ አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ።

መጀመሪያ ግቢ ቤት ነው ኮንዶሚኒየም የምትፈልጉት? ግቢ ቤት ለልጆች ደስ ይላል። ግን አከራይ እዚያው የሚኖር ከሆነ በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እንግዳ ማሳደር ይቻል እንደሆነ፣ መኪና የት እንደሚቆም ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ነፃነት አለው፤ ብዙዎቹ የ20/80 ብሎኮች ግን አሳንሰር የላቸውም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ታቅፎ ጤፍ ማውጣት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ቀጥሎ መንገዱን ሞክሩት። እሑድ ከሰዓት ከደላላ ጋር በመኪና ሄዳችሁ «ቅርብ ነው» እንዳትሉ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ሰፈር ተነስታችሁ መሥሪያ ቤት ድረስ ሂዱ፣ የታክሲ ሰልፉንም ቁሙት። አያት አካባቢ ከሆነ ባቡሩ በመገናኛና በስታዲየም አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል፤ ከፌርማታው እስከ ቤቱ ግን በእግር ስንት ደቂቃ ነው? በክረምት ጭቃስ?

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃ። አከራዩን አትጠይቁ፣ እሱ ሁሌም «ችግር የለም» ነው የሚለው። ጎረቤት ወይም የሰፈሩን ሱቅ ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን? ሮቶ አለ? ፓምፕስ? ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት ይካፈላል? መብራቱን ደግሞ አምፖል በማብራት ብቻ አትመኑት። የእንጀራ ምጣድ የሚችል መስመር መኖሩን አረጋግጡ፤ ምጣድ በተሰካ ቁጥር የሚጠፋ ቤት ቅዳሜያችሁን ይበላል።

ግድግዳና ኮርኒሱንም እዩ። እኔ አንዴ በግንቦት የተከራየሁት ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያምር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ወጣ፣ የልጄ ጃኬት ሳይቀር ሸተተ። ለካ የተቀባው ሻጋታው ያለበት ግድግዳ ብቻ ነበር! ከቻላችሁ ዝናብ ሲዘንብ ሄዳችሁ እዩ። ግን ነሐሴ መጨረሻን ጠብቁ ማለቴ አይደለም፤ ያኔ ትምህርት ሊከፈት ስለሚል ሁሉም ቤት ፈላጊ ነው።

ቤቱን ከወደዳችሁት ብር ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀት። የአከራዩን መታወቂያና የቤቱን ካርታ ወይም የባለቤትነት ሰነድ ተመልከቱ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ከተባለ ወኪሉ ውክልናውን ያሳይ፣ ቤት ማከራየትም በውስጡ ይጠቀስ። የደላላ ኮሚሽንንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ቁልፍ ከተቀበላችሁ በኋላ ዋጋው ይለወጣል።

ውሉ ላይ አትቸኩሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይሁን ይላል። ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስለዚህ «የስድስት ወር አምጡ» ሲሏችሁ ሕጉን በትህትና አንሱ። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ። «ውሉ ላይ ግማሹን እንጻፍና ግማሹን በእጅ ትሰጠኛለህ» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ በእጅ የሰጣችሁት ብር ነገ ክርክር ቢነሳ የለም ነው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ በማን በኩል እንደሆነም ይጻፍ።

በመግቢያው ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፣ የተሰነጠቀ መስታወትና የማይዘጋ ቧንቧ ካለም እንዲሁ፣ ለአከራዩም በቴሌግራም ላኩለት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የበሩን ቁልፍ ቀይሩ፤ የድሮው ቁልፍ ስንት ሰው እጅ እንዳለ አይታወቅም።